ደማቁ ካፖርትና የ1960ዎቹ የልብስ ቅድ

ባለፈው ክረምት አንዲት የምናውቃት ወይዘሮ ካፖርት በክንዷ ታቅፋ ወደ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደች። ካፖርቱ ብርቱካንማ ነው፤ ያውም በጭጋግ ውስጥ እንኳ ከሩቅ የሚታይ ብርቱካንማ። አክስቷ በወጣትነታቸው ለንደን ከተማ በትምህርት ላይ ሳሉ ገዝተው ለብሰውት ነበር፤ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ግን በሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ ብዙ ዘመን ኖረና በመጨረሻ ለእርሷ ደረሳት። ሱፉ ወፍራምና ጤነኛ ነው፤ ስፌቱም አልላላም። ይሁን እንጂ ወይዘሮዋ ይህን ለብሳ ወደ መሥሪያ ቤት ስትገባ የሰው ዐይን ሁሉ በእርሷ ላይ ሲያርፍ በሐሳቧ እየታያት ስለ ፈራች፥ «አባባ፥ ይህን ጥቍር ቀለም ያስነክሩልኝ፤ ከታችም ያሳጥሩልኝ፤ ወገቡንም ያጥብቡልኝ» አለቻቸው። ሽማግሌው ካፖርቱን ገልብጠው ገበሩን፥ ትከሻውንና የጫፉን እጥፋት በጣታቸው እየዳሰሱ ጥቂት ከመረመሩ በኋላ፥ «ልጄ፥ ጥቍር ካፖርት ከፈለግሽ ጨርቅ ግዢና አዲስ ልስፋልሽ፤ ይህን ግን እንዳለ ተዪው» ብለው መለሱላት።

ወይዘሮዋ ቅር ብሏት ወደ እኛ መጥታ ነገሩን አጫወተችን። እኛም ልብስ ሰፊው እውነት እንዳላቸው ስላመንን፥ ምክንያቱን ለእርሷና ደማቅ ካፖርት በየሣጥናቸው ደብቀው ለሚኖሩ እኅቶች ሁሉ በዚህ ገጽ ልናስረዳ ወደድን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፥ የኢትዮጵያ ነው ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የዚህ ዐይነቱ ካፖርት ታሪክ የሚጀምረው ከችግር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አገር ልብስ በኩፖን ይታደል ጀመር፤ ይኸውም ከጁን 1941 እስከ ማርች 1949 ድረስ ጸና። በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ሰው የተፈቀደው 66 ኩፖን ሲሆን፥ አንዲት ሴት ገበር ያለው ረጅም የሱፍ ካፖርት ብትገዛ 14ቱ በአንድ ጊዜ ይሄድባት ነበር። ከዚህም ሌላ ጨርቅ እንዳይባክን በልብስ ላይ የሚደረገው የኪስና የቁልፍ ቍጥር ሳይቀር በደንብ ተወሰነ። ስለዚህ ካፖርት ማለት ብዙ ዓመት የሚያገለግል፥ እድፍ የማያሳይ፥ ከምንም ነገር ጋር የሚሄድ ግራጫ፥ ቡኒ ወይም ጥቍር ልብስ ማለት ነበር። በ1960ዎቹ የለንደንን መንገድ በቀለም የሞሉት ወጣቶች በዚህ የኩፖን ዘመን ያደጉ ልጆች ናቸው።

ከእነዚህም አንዷ በ1930 ለንደን ውስጥ ከመምህራን ቤተ ሰብ የተወለደችው ሜሪ ኳንት ናት። በ1955 ኋላ ባሏ ከሆነው ከአሌግዛንደር ፕላንኬት ግሪንና ከአርቺ ማክኔር ጋር ሆና በቼልሲ ሰፈር በኪንግስ ሮድ «ባዛር» የተባለውን መደብር ከፈተች። ንግዱን አስቀድማ የተማረች ስላልነበረች፥ ጨርቅ በጅምላ የሚገዛበትን መንገድ ሳታውቅ ከታላቁ ከሐሮድስ መደብር እንደ ማንኛውም ገዢ በችርቻሮ ትገዛ ነበር። ቀን በተሸጠው ገንዘብ ጨርቅ ይገዛል፤ ሌሊት ይሰፋል፤ በማግሥቱም ለሽያጭ ይቀርባል። እንዲህ ያለው ከእጅ ወደ አፍ የሆነ ንግድ አንድ ጥቅም ነበረው፤ ይኸውም ወጣቶቹ ገዢዎች ዛሬ የወደዱትን ነገር ነገ ተሰቅሎ ማግኘታቸው ነው። በ1963 ደግሞ ፒ.ቪ.ሲ. ከተባለው፥ እንደ መስተዋት ከሚያብረቀርቀው የላስቲክ ዐይነት የዝናብ ካፖርት አሠርታ አሳየች። ቀለሙ እጅግ የደመቀ ስለ ነበር ወዲያው ተወደደ፤ ዳሩ ግን ላስቲክ እንደ ጨርቅ በመርፌና በክር የሚታዘዝ አልሆነምና፥ የሚያስተማምን መጋጠሚያ እስኪገኝለት ድረስ ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። ሜሪ ኳንት በ1966 ከእንግሊዝ ንግሥት እጅ የክብር ኒሻን ተቀብላ፥ በ2023 በ93 ዓመቷ ዐረፈች።

ቀለም በዚያን ጊዜ የደመቀው በልብስ ሠሪዎች ፈቃድ ብቻ አይደለም፤ ጋዜጣውም ረዳው። የለንደኑ ሰንዴይ ታይምስ በፌብሩዋሪ 1962 የመጀመሪያውን ባለ ቀለም ክፍል ሲያወጣ፥ በሽፋኑ ላይ የታየችው ጂን ሽሪምፕተን የለበሰችው የሜሪ ኳንትን ልብስ ነበር። በ1967ም የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሥዕሉን በቀለም ማሳየት ጀመረ። ግራጫ ልብስ በጥቍርና ነጭ ፎቶግራፍ ላይ ምንም አይጐድልበትም፤ በባለ ቀለም ገጽ ላይ ግን ማንም ልብ አይለውም። እንዲሁም ሆኖ የዚያ ዘመን ልብስ ሁሉ ደማቅ ነበር ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በ1964 በለንደን የ«ቢባ»ን መደብር የከፈተችው ባርባራ ሁላኒኪ የወደደችው የዝገትን፥ የበሰለ ፕሪምንና የአሮጌ መጋረጃን የመሰለ የደበዘዘ ቀለም ሲሆን፥ ወጣቶቹም ለእርሱ ይጋፉ ነበር።

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ መቀስ አላስነካም ያሉበትን ምክንያት ለመረዳት ግን ከለንደን ወደ ፓሪስ መሻገር ያስፈልጋል፤ የቅዱ ትምህርት የወጣው ከዚያ ነውና።

በ1895 በስፔን አገር ጌታሪያ በተባለች የባሕር ዳር መንደር ከልብስ ሰፊ እናት የተወለደው ክሪስቶባል ባሌንሲያጋ በፓሪስ የታወቀ የልብስ ቤት ነበረው። እርሱም ልብሱን በሐሳቡ ከመንደፍ ጀምሮ በገዛ እጁ ቀድዶ እስከ መስፋት ድረስ የሚችል ሰው ነበር። ዋና ትምህርቱም ጨርቁ ገላን አንቆ እንዳይዝ፥ ከገላ ጥቂት ርቆ በራሱ እንዲቆም ማድረግ ነው። ኮሌታው ከማጅራት ፈቀቅ ይላል፤ እጅጌው ከእጅ አንጓ በላይ ይቀራል፤ ወገብ የሚባል ነገር የለውም፤ ጀርባው አየር እንደ ገባበት ሸራ ይነፋል። ለዚህም ራሱን ችሎ የሚቆም ጨርቅ ስላስፈለገው፥ በ1958 ከዙሪክ ከተማ የአብርሃም ጨርቅ ድርጅት ጋር ጋዛር የተባለውን ጠንካራ ሐር አስወጣ። በዚያው ዓመት ወጣቱ ኢቭ ሳን ሎራን በክርስቲያን ዲዮር ቤት ሆኖ፥ ከትከሻው ጠብቦ እስከ ጫፉ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል እየሰፋ የሚወርደውን፥ ትራፔዝ የሚሉትን ቅድ አቀረበ። በባሌንሲያጋ ቤት ዐሥር ዓመት ያህል ያገለገለው አንድሬ ኩሬዥ ደግሞ አስቀድሞ ምሕንድስና የተማረ ሰው ነበር። በ1961 የራሱን ቤት ከከፈተ በኋላ፥ በ1964 ዓለም ሁሉ ስለ ጨረቃ ጕዞ በሚያወራበት ወራት፥ ነጭና ፈዛዛ ቀለም ያላቸውን፥ እንደ ድልድይ በስሌት የተሠሩ የሚመስሉ ልብሶች ከአጭር ነጭ ቦት ጫማ ጋር አሳየ። ከዚያው ከባሌንሲያጋ ቤት የወጣው የልብስ ሰፊ ልጅ ኤማኑኤል ኡንጋሮም በ1965 በራሱ ስም ሥራ ጀምሮ ቀለሙን ይበልጥ አበዛው።

እንግዲህ አንባቢዋ እኅታችን ልብ እንድትልልን የምንፈልገው ነገር ይህ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሞድ ልብስ ቅርጽ የሚያገኘው በወገብና በደረት ላይ በሚደረግ ብዙ ስፌትና እጥፋት ነበር። ስፌት ደግሞ ጨርቅን በቈረጠ ቍጥር ቀለምንም ይቈርጣል፤ ደማቅ ጨርቅ በብዙ ስፌት ሲቈራረጥ ዐይን የሚያርፍበት ስፍራ ያጣና ልብሱ ጩኸት ይሆናል። የ1960ዎቹ ባለሙያዎች ስፌቱን አሳንሰው፥ ቅርጹን ሁሉ ለትከሻ ሰጡና ቀለሙን እንደ አንድ ሰፊ ሜዳ ለቀቁት። ቅዱ ዝም ስላለ ቀለሙ መናገር ቻለ። ሳን ሎራን በ1965 የሆላንዳዊውን ሠዓሊ የፒት ሞንድሪያንን ሥዕል መሠረት አድርጎ ባወጣቸው ቀሚሶች ላይም ጥበቡ ያው ነው፤ ቀዩ፥ ሰማያዊውና ቢጫው ጨርቅ እየተለየ ተቈርጦ የተጋጠመ ሲሆን፥ ለገላ ቅርጽ የሚያስፈልገው ማጥበቢያ ሁሉ ቀለማቱ በሚገናኙበት መሥመር ውስጥ ተሰውሯል። የሚያየው ሰው ቀጥ ያለ መሥመር እንጂ ስፌት አይታየውም።

ስለዚህ የወይዘሮዋ ካፖርት ወገቡ ይጥበብ ቢባል፥ ጨርቁ የሚወርድበት መንገድ ተሰብሮ ደወልነቱ ይጠፋል። ከታች ይጠር ቢባል ደግሞ የሚቈረጠው ከሁሉ ይልቅ የሚሰፋው ክፍል ነው፤ ኪሶቹም ወደ ጫፉ ተጠግተው እንደ ወደቁ ይመስላሉ።

በዚያ ዘመን ካፖርት ከቀሚስ ይልቅ ጌጥ የተጨመረበት አንድ ሌላ ምክንያት አለ። ቀሚሱ እያጠረ ሲሄድ ከካፖርቱ በታች ብቅ የሚል ነገር አልቀረም፤ በብርድ አገር መንገድ ላይ የሚታየው ካፖርቱ ብቻ ሆነ። የአጭሩ ቀሚስ ነገር ብዙ ጠብ ማስነሣቱ የታወቀ ነው፤ ጠቡም በአውሮፓ ብቻ አልቀረም። በ1960 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቈጣጠር በመጋቢት ወር፥ በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሞድ ትርኢት ሲደረግ፥ ተማሪዎች የባዕድ ባህል መግቢያ ነው ብለው ተቃውመው ብዙ ረብሻ ሆነ። የተማሪዎቹ ቍጣ ከልብስ ሌላ ብዙ ነገር የነበረበት ስለሆነ እዚህ አንፈርደውም። ካፖርቱ ግን ከዚያ ሁሉ ክርክር በሰላም አምልጦ ቀርቷል፤ ትከሻን ሸፍኖ ጕልበት የሚደርስ ወፍራም ሱፍ ማንን ያስቈጣል? ጨዋነትን ከደማቅነት ጋር ማስማማት ለምትፈልግ ሴት ከዚያ ዘመን የቀረ ከዚህ የተሻለ ልብስ አናውቅም።

የደማቅ ካፖርት አለባበስ እንዴት እንደሆነ በዐይን ለማየት የሚመች አንድ አጋጣሚ አለ፤ እርሱም የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቃለ መሐላ የሚፈጸምበት ቀን ነው። በዓሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው በጃንዋሪ ብርድ በአደባባይ ስለሆነ የሁሉ ሰው ልብስ ካፖርት ነው። በጃንዋሪ 20 ቀን 1961፥ ሌሊቱን ትልቅ በረዶ ወርዶ ባደረበት ቀን፥ ወይዘሮ ዣክሊን ኬኔዲ ኦሌግ ካሲኒ የሠራላቸውን ፈዘዝ ያለ የገለባ መልክ ያለው የሱፍ ካፖርት ለብሰው ወጡ። ቀለሙ በራሱ ደማቅ አልነበረም፤ ነገር ግን በዙሪያቸው የነበሩት ወይዛዝርት ጥቅጥቅ ያለ የአውሬ ቆዳ ካፖርት ስለ ለበሱ፥ እርሳቸው በትላልቅ ቁልፎቻቸውና በቀላሉ ቅዳቸው ብቻ ተለይተው ታዩ። በ2009 ወይዘሮ ሚሼል ኦባማ፥ የኩባ ተወላጅ የነበረችው ኢዛቤል ቶሌዶ የሠራችውን፥ ወደ ሎሚ ቅጠል የሚያደላ ቢጫ ቀሚስና ካፖርት ከአረንጓዴ ጓንትና ከአረንጓዴ ጫማ ጋር ለበሱ። በጃንዋሪ 20 ቀን 2021፥ ከወይዘሮ ኬኔዲ ካፖርት ልክ 60 ዓመት በኋላ፥ ምክትል ፕሬዚዳንት የሆኑት ካማላ ሐሪስ በሐምራዊ፥ ወይዘሮ ጂል ባይደን በባሕር ሰማያዊ፥ ወይዘሮ ሚሼል ኦባማም በወይን ጠጅ መልክ ቀረቡ። የ22 ዓመቷ ባለ ቅኔ አማንዳ ጎርማን ደግሞ በብሩህ ቢጫ ካፖርት ላይ በራሷ ቀይ የሐር መሳይ ማሰሪያ አድርጋ ግጥሟን አነበበች።

የአማንዳን አለባበስ መርምሩልን። ቢጫው አንድ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ቀዩ ትንሽ ነው፤ ያም ትንሽ ነገር የተቀመጠው ፊት አጠገብ ስለሆነ ዐይን ከካፖርቱ ተነሥቶ ወደ ተናጋሪዋ ፊት ይሄዳል። ወይዘሮ ኦባማም በ2021 የተከተሉት ሁለተኛው መንገድ ከላይ እስከ ታች አንዱን ቀለም በልዩ ልዩ ደረጃው መልበስ ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት በረጅሙ ዘመናቸው የያዙት መንገድ ለዚህ ቅርብ ነበር፤ የተሰበሰበው ሕዝብ ከሩቅ ለይቶ እንዲያያቸው ብለው ካፖርቱንና ባርኔጣውን በአንድ ደማቅ ቀለም ያሠሩ ነበር። በ2016 የ90ኛ ዓመት ልደታቸው በሕዝብ ፊት በተከበረ ጊዜ የለበሱት አረንጓዴ ዛሬም አይረሳም።

ይህ ነገር ለእኛ አዲስ ሊሆን አይገባም ነበር። የሐበሻ ቀሚስ ነጭ ሜዳ ነው፤ ጥለቱም ጠባብ ሆኖ ሳለ የሚያበራው ነጩ ዙሪያውን ጸጥ ስላደረገለት ነው። ደማቅ ካፖርት የዚሁ ግልባጭ ነው፤ ሜዳው ቀለም ሆነ፤ ጸጥ የሚለው ጥቂቱ ነገር ነጭ፥ ጥቍር ወይም ግራጫ ይሁን። ወይዘሮዋ በብርቱካንማው ላይ ነጠላ ብትደርብ፥ ጥለቱ ከካፖርቱ ቀለም አንድ ክር ያህል ያለበት ቢሆን ያምራል፤ በአምስት ቀለም የተሸለመ ከሆነ ግን ሁለቱ ይጣላሉ። ከውስጥ ቀጭን ጥቍር ወይም ነጭ ሹራብ፥ ቀጥ ያለ ጠባብ ሱሪ ወይም ከካፖርቱ ጫፍ የማያልፍ ቀሚስ ይበቃል። ቀሚሱ ከካፖርቱ በታች አራት ጣት ብቻ ወጥቶ ቢታይ ግን በተሳሳተ ልክ የተሰፋ ይመስላል፤ ወይ ጨርሶ ይደበቅ፥ ወይ እስከ ቍርጭምጭሚት ይውረድ። ቀበቶ ፈጽሞ አይታሰብ። እጅጌው ያጠረው በስሕተት አይደለምና ማስረዘም አያስፈልግም፤ ረጅም ጓንት ወይም የሹራቡ እጅጌ ይሙላው። የውጭ አገር መጽሔቶች ለቆዳ መልክ የሚሰጡትን የቀለም ምክር ግን እኅቶቻችን ብዙ ባያምኑት ደስ ይለናል፤ ለነጭ ቆዳ የተጻፈ ነውና። ብርቱካንማ፥ የእርድ ቢጫና ጥልቅ ሐምራዊ በጠይም ፊት ላይ የሚሰጡትን ብርሃን በሌላ ስፍራ አይሰጡም።

አሁን ወደ ቀለም መንከሩ ነገር እንመለስ። ሱፍ የሚነከረው በጋለ ውኃ ነው፤ በጋለ ውኃ ውስጥ የታሸ ሱፍ ደግሞ ጠጕሩ እርስ በርሱ ተቈላልፎ ይጠባል፤ ይወፍራልም። የሱፍ ቀለም በጥጥ ክር ላይ ደኅና አድርጎ ስለማይዝ ስፌቱ ሌላ መልክ ይዞ ይቀራል፤ ገበሩም ከሌላ ዐይነት ክር የተሠራ ከሆነ እንዲሁ ነው። በኮሌታውና በደረቱ ውስጥ ቅርጽ እንዲይዝ የተደረገው ሸራም ይጨማተራል። እንዲያ ሆኖ የሚገኘው ጥቍር፥ ሐዘን ያልደረሰባት ሴት በየቀኑ የምትለብሰው የደበዘዘ ጥቍር ነው። ጨርቁ ከሞተ በኋላ ደግሞ ወደ ቀድሞው የሚመልሰው ባለሙያ የለም።

ከዘመድ ያላገኘች፥ ከሰልባጅ ተራ የምትገዛ እኅትም ብትኖር፥ ብብቱንና የኮሌታውን እጥፋት አስቀድማ ትመልከት፤ ልብስ የሚያልቀው ከዚያ ነው። ጨርቁንም ወደ ብርሃን ዘርግታ የብል ቀዳዳ ትፈልግ። ሱፍ መሆኑን ለማወቅ ከውስጥ ስፌት አንድ ክር መዝዞ ማቃጠል ይበቃል፤ ሱፍ እንደ ጠጕር ይሸታል፥ አመዱም በጣት ይደቃል፤ ሰው ሠራሹ ግን ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠነክራል። ልብስን የሚበላው የሚበረው ብል ሳይሆን እጩ ስለሆነ፥ የተጠረጠረ ካፖርት በላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት ቢቈይ ዕንቍላሉም እጩም ይሞታል። ከዚያ በኋላ ላብና የምግብ እድፍ ያለበትን ሳያጸዱ ወደ ሣጥን አለመመለስ ነው፤ ብል የሚወደው እርሱን ነውና። ማንጠልጠያውም ትከሻው ሰፊ ይሁን፤ ይህ ልብስ በትከሻው የሚኖር መሆኑን ከላይ ተናግረናል።

ወይዘሮዋ በመጨረሻ ወደ ሽማግሌው ተመልሳ በብብቱ በኩል የተተረተረውን ገበር ብቻ በአዲስ አስለወጠች። ከአራቱ ትላልቅ ቁልፎች አንዱ ጠፍቶ ስለ ነበር፥ ሽማግሌው ከጫፉ እጥፋት ውስጥ ፀሐይ አይቶት የማያውቅ ቍራጭ ቈርጠው ባዶ ቁልፍ አለበሱበት። አዲሱ ቁልፍ ከሦስቱ ይልቅ ደምቆ ቢታይ፥ አክስቷ «በገዛሁት ጊዜ ሁለንተናው እንዲህ ነበር» አሏት። ቁልፉ ከአንገት ሥር ይተከል ወይስ ከሁሉ በታች በሚለው ነገር ግን ሁለቱ ገና አልተስማሙም።